ሰርቬ ብጣሹን ያላየ ዕለት

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት ነው። ሰርቬ ኖቪል በቤልጅግ አገር፣ ሊዬዥ ከተማ አጠገብ ባለች መንደር፣ መስኮት ሥር ተቀምጦ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በአደን ጠመንጃ ላይ የሰው ስም ሲቀርጽ ኖረ። አፈሙዙን አንዱ ጎረቤት ይሠራል፣ ሰደፉን ሌላው ይጠርባል፣ ቃታውን ሦስተኛው ይገጥማል፤ ስሙ ግን የአንዳቸውም አይደለም። ስም የሚመጣው ከነጋዴው ከሙሴ ፎልቪል ነው፣ በብጣሽ ወረቀት። አንዳንዴ የለንደን ባለሱቅ ይሆናል፣ አንዳንዴ የቦነስ አይረስ፤ አንዳንዴ ደግሞ ጭራሽ ያልተወለደ ሰው፣ ሙሴ ፎልቪል እንግሊዝ እንግሊዝ እንዲሸት ከራሱ ያፈለቀው። ከእነዚህ ጌቶች አንዳቸውም ሞረድ ጨብጠው አያውቁም፤ ስማቸው ግን በወርቅ ያብረቀርቃል። ወይ ዕድል!

ሰርቬ እንግሊዝኛ አይችልም። ስለዚህ አያነብም፣ ይገለብጣል፤ ፊደል በፊደል። እስከዚያ ቀን ድረስ አንዲት ፊደል ስቶ አያውቅም። በዚህም ይኮራል፣ ሲኮራም ያሰለቻል።

አንድ ነገር ግን ያንገበግበው ነበር። በገዛ ስሙ አንድ ጠመንጃ እንዲኖረው ይፈልጋል፤ አንድ ብቻ። ጎረቤቶቹን ለመነ። እየሳቁበትም ቢሆን እያንዳንዳቸው ከሥራቸው የተሻለውን ሰጡት። ገጣጥሞ ጨረሰና "ሰርቬ ኖቪል" ብሎ ቀረጸበት፤ ከዚያ ያ ትልቅ ሰውዬ ቁጭ ብሎ አለቀሰ።

ሕጉ ደግሞ ማንኛውም ጠመንጃ ፍተሻ ቤት ገብቶ፣ ተተኩሶበት፣ ማኅተም ይመታበት ይላል። ሚስቱ ኦዲል የነጋዴውን ስድስት ጠመንጃዎች በጀርባዋ ቅርጫት አዝላ ስትሄድ ያቺንም ሰባተኛ አድርጋ ጨመረቻት። የፎልቪል ሠራተኞች መቼ ለይተው ያያሉ! ከፍተሻ የተመለሰውን ሁሉ ሣጥን ውስጥ ከተው፣ ምስማር መትተው፣ ወደ ቦነስ አይረስ ላኩት።

ሰርቬ ለብዙ ጊዜ እህል አልወርድለት አለ። በአራተኛው ወር ሙሴ ፎልቪል አስጠራው። የቦነስ አይረሱ ደንበኛ ያቺን ጠመንጃ ወዷታልና በዚያ ስም ሁለት መቶ ይፈልጋል። ሰርቬ በደስታ የሚሆነው ጠፋው። አፈሙዙ ከርካሹ ዓይነት እንደሚሆን ሲነገረው ግን ፊቱ ጠቆረ።

"ሙሴ ፎልቪል፣ ይሄኮ የኔ ስም ነው።"

"ነበር" አለው ነጋዴው። "አሁን የደንበኛው ነው። ካልፈለግህ ሌላ ቀራጭ ይጽፈዋል።"

ስሜን ሌላ ሰው ከሚያበላሽብኝ እኔው ልሥራው ብሎ ተቀበለ። ብጣሹን ኪሱ ከተተ፤ ገልጦም አላየው። ምን ሊያይ? የገዛ ስሙን? የመጀመሪያዎቹን ስድስት ሲቀርጽ እጁ እንደዚያ ታዞለት አያውቅም።

ልታስረክብ የሄደችው ኦዲል ቅርጫቷን እንደሞላ ይዛ ተመለሰች።

"መለሱብኝ" አለች፣ ፊቱን ላለማየት አቀርቅራ። "ስሙን ተሳስቷል አሉ።"

"የኔን ስም?"

"ብጣሹን አላየኸውም እንዴ፣ አንተ ሰውዬ?"

ከኪሱ አውጥቶ ገለጠው። ደንበኛው ለገበያው እንዲመቸው ስሙን ወደ እንግሊዝ ጠጋ አድርጎታል። "ሰርቬ ኔቪል" ይላል።

ሰርቬ ብጣሹን መስኮቱ ላይ ሰካ፤ ሞረዱን አንስቶ ስሙን ከስድስቱም ላይ ሞርዶ አጠፋ። ሁለት መቶውንም በዚያው ዓመት ጨረሰ። አንዲት ፊደል አልሳተም።