ፋናዬ የቀረችበት ለቅሶ

ፋናዬ ከመሳለሚያ እስከ በርበሬ በረንዳ በእግሯ የሄደችው ታክሲ አጥታ አይደለም። እንዲያ ተናዳ ብትሳፈር ከረዳቱ ጋር መጣላቷ አይቀርም ነበር።

ቅመም እየሸጠች የቢዝነስ አስተዳደር ዶክትሬት ስትማር ሦስት ዓመቷ ነው። አማካሪዋ ገና ሲጀምሩ፣ «ይሄ ነገር ጉብዝና አይደለም፣ ልማድ ነው» ብለዋት ነበርና ልማድ አበጀች። ጎህ ሳይቀድ ተነስታ ትጽፋለች፤ አንድ ገጽ ሳትሞላ ሱቋን አትከፍትም። እሁድን ለንባብ ሰጠች። ሰርግ ቀረች፣ ማኅበር ቀረች፣ ለቅሶም ቀረች። ሰው ሲያማት «ስመረቅ እክሳለሁ» ትላለች።

ጥናቷ የመርካቶ ነጋዴ ሱቁን ለልጁ እንዴት እንደሚያስረክብ ነው። ጎረቤቶቿን አንድ በአንድ አነጋግራ ድምፃቸውን በስልኳ ቀዳች። ዛሬ አማካሪዋ ሥራውን መለሱላት፤ ሁሉም ያሉት አንድ ነገር ነዋ። «ልጄን እያሰለጠንኩት ነው፣ በጊዜው አስረክበዋለሁ።»

«አንቺ ነሽ ያስጠናሻቸው» አሏት ፊት ለፊት። «በዚህ መመረቅ የለም።»

ሌባ የተባለች ያህል አንገበገባት።

እትዬ ያለምወርቅ የእናቷ ጓደኛ ናቸው፤ ከሱቋ አጠገብ በርበሬ ይሸጣሉ። ደርሳ ሰላም እንኳን አላለቻቸውም።

«ማን ነው መልስ ያስጠናችሁ?»

«እኔ ነኛ» አሉ ዛላውን መልቀም ሳያቆሙ። «እንዳትወድቂ ብለን ነው። ጥሩ ጥሩውን እንናገርላት ተባባልን፤ የጋሼ በፍቃዱ ለቅሶ ላይ።»

«እኔን ሳትጠይቁ? ልፋቴን ገደል ከተታችሁት እኮ።»

«የት አግኝተን? ድንኳኑ ውስጥ ያልነበርሽው አንቺ ብቻ ነሽ።»

ጋሼ በፍቃዱ የፋናዬ እናት ስትሞት ድንኳን ውስጥ አብረዋት ያደሩ ሰው ነበሩ። ንዴቷ አልበረደም፤ ወደ ራሷ ዞረ እንጂ።

ስልኳን አወጣች። «እሺ፣ አሁን እውነቱን ይንገሩኝ።»

«እሱን አጥፊና ተቀመጪ።»

አጥፍታ ጆንያ ላይ ተቀመጠች። እትዬ ያለምወርቅ ግራ ቀኙን ቃኝተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ ይሄይስ ሱቁን አይፈልገውም። ጠረኑም ይቀፈኛል ብሎኛል። ልሸጠው ደላላ ይዣለሁ። ይሄን እንዳትጽፊው፤ ስሜን ባታነሺው እንኳ ሰፈሩ ያውቀኛል።»

ሦስት ዓመት የፈለገችው መልስ ይኸው ተገኘ፤ አትጽፈውም።

በማግስቱ እንደ ልማዷ ጎህ ሳይቀድ ነቃች። ኮምፒውተሯን ግን አልከፈተችም። ጥቁር ነጠላዋን ለብሳ፣ እንደተናደደች፣ ዘግይታም ቢሆን የጋሼ በፍቃዱን ለቅሶ ልትደርስ ወደ ቤተሰቦቻቸው ወጣች።