ለእኔ ያልተጮኸው ኡኡታ

«ኡኡ!» የሚለው የሴት ድምፅ ከአጥሩ ማዶ የመጣው፣ የሰዓት እላፊው ሳይረን ጮኾ መንገዱ ጭር ባለበት ሰዓት ነበር። በኮሮናው ዘመን ዓረብ አገር፣ ሩማይሲያ በሚባል ሰፈር ውስጥ የአንድ ቤት ሹፌር ነበርኩና፣ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን መኪናውን አቁሜ፣ ከበሩ አጠገብ ባለችው ክፍሌ ገብቼ እቀመጥ ነበር። ድምፁን ስሰማ ዘልዬ ተነሳሁና የበሩን እጀታ ያዝኩ፤ መውጣት ግን መታሰርና ወደ አገር መባረር ስለነበረ እጄ እዚያው ቀረ። እንደዚያ ቆሜ ሳለሁ ያደግኩባት ትንሽ ከተማ ከድምፁ ጋር ተመልሳ መጣችብኝ።

በእኛ ከተማ ኡኡታ የሰማ ሰው ቁጭ አይልም ነበር። የጎረሰ ሳይውጥ፣ የታመመ ተደግፎ ይወጣ ነበር፤ የቀረ ሰው በማግስቱ «የት ነበርክ?» ይባላል። አንድ ክረምት ታናሽ ወንድሜ ታደሰ ወንዝ ሲሻገር ደራሽ ውሃ መጥቶበት መሐል ድንጋይ ላይ ቀረ፤ እናቴም ደጅ ወጥታ፣ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጭና «ኡኡ! የሰው ያለህ!» ስትል ከተማው ግልብጥ ብሎ ወጣ፤ ፀጉር አስተካካዩ እንኳ ምላጩን እንደያዘ፣ ግማሽ ራሱን የተላጨ ደንበኛውን አስከትሎ ሮጠ። ታደሰን በገመድ ጎትተው አወጡት። ከዚያ ወዲያ ክረምቱን ሙሉ እንቁላል ያመጡለት፣ በመንገድ ሲያልፍም «የእኛ ልጅ» እያሉ ራሱን ይዳብሱት ነበር። እውነቱን ልናገር፤ ቀናሁ። የቀናሁት በእንቁላሉ አልነበረም፣ በኡኡታው ነበር።

ዝናቡ አልፎ አጨዳውም ሲያበቃ፣ ጥር ላይ፣ ለእኔም ይጮህልኝ እንደሆነ ልፈትን ብዬ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ በነበረው የጭድ ክምር ውስጥ ገብቼ ተደበቅኩ። ጆሮዬን አቁሜ ቀኑን ሙሉ ጠበቅኩ፤ ከወፍጮው ድምፅ በቀር የሰማሁት ነገር አልነበረም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ከረሃቡ ይልቅ ንዴቱ አንገብግቦኝ፣ እያለቀስኩ ቤት ገባሁ።

«ጨረስክ?» አለችኝ እናቴ፣ ከፀጉሬ ላይ ጭድ እየለቀመች።

«ለምን ኡኡ አላልሽም? ለታደሰ ብለሽ የለ!»

«የወፍጮ ቤቷ ሴትዮ ጧት ነግራኛለች፤ እግርህ ከጭዱ ወጥቶ ይታይ ነበር።» ሳቀችና ወዲያው ሳቋን ተወችው። «ኡኡ የሚባለው የራስ ጉልበት ሲያልቅ ነው፣ ልጄ። ላንተ ገና አላለቀብኝም።»

አልገባኝም፤ ለዓመታት በታደሰ እንደቀናሁ ኖርኩ።

ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል አቋርጬ፣ ከዚያ በኋላ ያወቅሁትን ሁሉ ከየመጽሐፉ ለቃቅሜ ነው ያወቅሁት። ሁካታ የሚለው ቃል ሆከ ከሚለው ግዕዝ እንደመጣ፣ ትርጉሙም ማናወጥ፣ መበጥበጥ እንደሆነ ከአንድ አሮጌ መዝገበ ቃላት ተማርኩ። የኡኡታ ሥር ግን ያው ኡኡ ነው፤ ከዚያ በታች የሚቆፈር አላገኘሁለትም። ሰው ሁለቱንም ጩኸት ብሎ ያልፋቸዋል፤ ሁካታ ሰውን ይበትናል፣ ኡኡታ ይሰበስባል። ይህን ለልጆቼ አስተምሬአለሁ። ወንድ ልጅ ኡኡ አይልም ብዬም አስተምሬአለሁ፤ በዚህኛው ተሳስቻለሁ።

ያን ዕለት የበሩን እጀታ ለቅቄ ወደ አጥሩ ተጠጋሁና «እህቴ፣ ምን ሆነሽ?» አልኩ።

«እናቴ ሞተች! በስልክ አረዱኝ! ማዳም ዝም በይ ትለኛለች!»

ከወዲያኛው ቤት ጣሪያ ላይ ልብስ የምታሰጣ ልጅ «ኡኡ! እኔን እህቴን!» አለች፤ ከእሷ ማዶ ሌላዋ ተቀበለች፤ ማንም ከበሩ ሳይወጣ ሰፈሩ ለቅሶ ቤት ሆነ። እኔ ግን ቆሜ ቀናሁ። የእኔም እናት ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብላ ሞታ፣ መርዶውን መኪና ውስጥ በስልክ ሰምቼ፣ መስኮቱን ዘግቼ፣ የእኔዋን ማዳም ሻርቅ ከሚባለው ሰፈር ላመጣ ሄጄ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም።

እንዴት እንደወጣኝ አላውቅም፤ «ኡኡ!» አልኩ።

ከአጥሩ ማዶ ለቅሶው ገታ አለ። «ጋሼ፣ የእርስዎ ደግሞ ማን ሞቶብዎት ነው?»

«እናቴ» አልኩ።

«ኡኡ! የጋሼን እናት!» ብላ ጀመረችልኝ፤ ጣሪያዎቹም ተቀበሏት።

በእኛ ከተማ ኡኡታ ሰውን በእግሩ ያመጣ ነበር፤ ሩማይሲያ ውስጥ የመጣልኝ ድምፃቸው ብቻ ነው፣ ፊታቸውን እስከ ዛሬ አላውቀውም። ያም ሆኖ በልጅነቴ የተመኘሁትን አገኘሁ፤ ሰፈር ሙሉ ጮኸልኝ። በታደሰ መቅናቴንም ያን ዕለት ተውኩ። አሁን የምቀናው ጭድ ውስጥ በተደበቀው፣ ማንም ኡኡ ባላለለት በዚያ ልጅ ነው።