የጥላሁን አባት መርዶ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለባለቤቴ አልነገርኩም፣ ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። ለንስሐ አባቴ ጾም መሻሬን ተናግሬያለሁ፣ መጠጥ ማብዛቴን ተናግሬያለሁ፣ ከወንድሜ ጋር በአባታችን ቤት ምክንያት መኳረፌንም ተናግሬያለሁ። እሳቸውም ስግደት ሰጥተውኝ፣ ሰግጄ፣ ቀለል ብሎኝ ወጥቻለሁ። ይሄኛውን ግን እንደያዝኩት እገባለሁ፣ እንደያዝኩት እወጣለሁ። አሁን ደክሞኛል። የምጽፈው ደፍሬ አይደለም፤ ደክሞኝ ነው። እናንተ ደግሞ አታውቁኝም፤ ለማያውቁት ሰው መናገር ይቀላል።

ዲላ ውስጥ ሰው ሁሉ ዶክተር ይለኛል። መንገድ ሳቋርጥ ባለባጃጁ ሳይቀር «ዶክተር፣ ላድርስዎት?» ይላል። ይህን ስም ያገኘሁት በውጭ አገር ስኮላርሺፕ ተምሬ ነው። ያ ስኮላርሺፕ የእኔ አልነበረም። አጭበርብሬ አላመለከትኩም፣ ጉቦ አልሰጠሁም፣ የማንንም ስም አላጠፋሁም። ያደረግሁት አንድ ነገር ነው፤ ለአንድ ሰው የአባቱን ሞት ነገርኩት። ይሄ ምን ኃጢአት አለው ትሉ ይሆናል። ታገሡኝ፣ እነግራችኋለሁ።

ጥላሁን ጓደኛዬ ነው። ነበር አልልም፤ ዛሬም ነው፣ ጉዱም ይሄ ነው። ምህንድስና ተመርቀን ዲላ ረዳት አስተማሪ ሆነን ስንቀጠር አንድ ቤት ተከራይተን አብረን እንኖር ነበር። እኔ ይርጋጨፌ ከተማ ያደግሁ የመንግሥት ሠራተኛ ልጅ ነኝ። እሱ የወርቃ ቡና ገበሬ ልጅ ነው። በቡና ለቀማ ወራት ከማጠቢያ ጣቢያዎቹ የሚወርደው እጣቢ የሰፈራቸውን ወንዝ ያጠቁረዋል፤ ይሸታል፣ ከብትም ቀርቦ አይጠጣውም። ጥላሁን ያንን ውሃ አጣርቶ ወደ ወንዙ የሚመልስበት ዘዴ አለኝ ይል ነበር። በአሸዋና በከሰል እየሞከረ ስንት ጊዜ ቤታችንን አግምቶታል። «ቡና ነው የሚሸተው፣ ምን ያማርርሃል» እያለ ይስቅብኝ ነበር። ስኮላርሺፑን የፈለገው ለዚህ ነበር። እኔስ ለምን ፈለግሁት? ለመሄድ። ዝም ብሎ ለመሄድ።

ዕድሉን ያወጣው አንድ የውጭ ድርጅት ነው፤ የሳይንስና የምህንድስና ምሩቃንን ማስተርስና ዶክትሬት አያይዞ ያስተምራል። ለመጨረሻው ዙር የቀረነው እኔና ጥላሁን ነበርን፤ ቦታው አንድ ነው። ፈታኞቹ ሐዋሳ መጥተው በአንድ ጠዋት ሁለታችንንም አነጋግረው በዚያው ቀን ይመለሳሉ። የሚያልፈው ማን እንደሆነ የማያውቅ አልነበረም። የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ እዚያው ጥላሁን ፊት «አንተ ለልምድ ያህል ግባበት» ብሎኝ ሦስታችንም ሳቅን። እኔን አላሳቀኝም ነበር።

በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ጥላሁን ፀጉሩን ሊስተካከል እንደወጣ አጎቱ ጋሽ በራሶ መጡ። እሱ አለመኖሩን ከጎረቤት አረጋግጠው ነው የገቡት። ተቀመጡ ብላቸው እምቢ አሉ። የጥላሁን አባት ረፋዱ ላይ አርፈው ነበር።

በአገራችን መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። ሰው ብቻውን ቆሞ፣ በመንገድ ላይ፣ በስልክ አይረዳም። የሚነግረው ሰው ይመረጣል፣ ሰዓቱም ይመረጣል፤ ወገን ከቦት፣ የሚደግፈው ይዞት ነው የሚነገረው። እስከዚያ ድረስ ይደበቃል። «ትንሽ አሟቸው ነው» ይባላል። ያንን ውሸት ማንም እንደ ኃጢአት አይቆጥረውም፤ እንዲያውም የሚታመን ሰው ነው የሚመረጥለት። ጋሽ በራሶ የመረጡት እኔን ነበር።

«ልጄ፣ አንተ ወንድሙ ነህ» አሉኝ እጄን ይዘው። «ነገ ፈተና አለችው። ወንድሜ ሲሞት እኔ ብቻ ነበርኩ አጠገቡ። ‹ልጄ ፈተናውን ሳይጨርስ እንዳትነግሩት፣ እኔ እቆየዋለሁ› አለኝ። ቀብር ነገ አስር ሰዓት አደረግናት፣ እናቆያለን። ፈተናዋን ሲጨርስ መኪና በር ላይ ትጠብቀዋለች፣ ይደርሳል። አንተ ስልኩን ብቻ አጥፋበት፤ አገር ሁሉ ይደውላል።»

«እሺ ጋሼ» አልኳቸው። ዕንባዬ መጣ። ያ ዕንባ የእውነት ነበር፤ የጥላሁንን አባት እወዳቸው ነበር። ጋሽ በራሶ ግንባሬን ስመውኝ ወዲያው ተመለሱ።

ጥላሁን ፀጉሩን ተቆርጦ እየሳቀ ገባ። ስልክህን ቻርጅ ላድርግልህ ብዬ ተቀብዬ አጠፋሁትና ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። እስከዚህ ድረስ የታዘዝኩትን ነው ያደረግሁት። እዚያ ላይ ባቆም ኖሮ ዛሬ የምጽፈው አልነበረኝም።

ሐሳቡ የመጣብኝ ሸሚዙን ሲተኩስ ሳየው ነው። ያንን ነጭ ሸሚዝ እየተኮሰ ለፈታኞቹ የሚመልሰውን ያነበንብ ነበር፤ ደግሞ ጎበዝ ነበር፣ ቀናሁበት። አሁን ብነግረው ብዬ አሰብኩ። አሁን ብነግረው ቤተሰቡ ዘንድ ይደውላል፣ ጋሽ በራሶ የአባቱን ቃል ይነግሩታል፣ አልቅሶ አድሮም ቢሆን ይገባል። ጠዋት መናኸሪያ ላይ ብነግረው ግን የሚመክረው ሰው የለም። ይሄን ሁሉ ቁጭ ብዬ አሰብኩት። አዝኜለት፣ ሆዴ አልችል ብሎ አመለጠኝ ማለት እችል ነበር፤ ብዙ ሰውም እንደዚያ ነው የሚያውቀው። ውሸት ነው። አሰብኩበት፣ ወሰንኩ፣ ተኛሁ። እንቅልፍም ወሰደኝ። ይሄንንም እንድታውቁት እፈልጋለሁ።

መናኸሪያ የደረስነው ገና ሲነጋ ነው። የሐዋሳው ሚኒባስ ረዳት ይጣራል። እኔ የጥላሁንን ክንድ ያዝኩና «አባትህ አረፉ። ትናንት ነው። ቀብሩ ዛሬ ነው» አልኩት። ሰዓቱን አልነገርኩትም። መኪና እንደሚጠብቀው አልነገርኩትም። አባቱ ያሉትን አልነገርኩትም። እኔ ነገርኩት፣ እኔው ደበቅሁት፤ በአንድ አፍ።

እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለ፤ የተተኮሰ ልብሱ ጭቃ ነካው። ሰው ከበበን። ከቆይታ በኋላ ተነሳና አቀፈኝ። «ባትነግረኝ አባቴን ሳልቀብር እቀር ነበር» አለኝ። ትንሽ ራመድ ብሎ ደግሞ ዞረና «አንተ ግን ሂድ፣ ሁለታችንም አንቅር» አለኝ። እኔ በእሱ ቦታ ብሆን እንዲህ እላለሁ? አልልም። እሱ ወርቃ ለመድረስ ወደ ገደብ በሚሄደው መኪና ተሳፈረ፣ እኔ ወደ ሐዋሳ ሄድኩ።

ሐዋሳ ላይ ሌላ ዕድል ተሰጥቶኝ ነበር። ከፈታኞቹ አንዷ፣ ፀጉሯ የሸበተ ሴትዮ፣ ጥላሁን ስለ ወንዙ የጻፈውን አንብባ ወዳዋለች። ስሙ ተጠርቶ ሲታጣ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ስልክ ደወለችለት። ስልኩ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ ቦርሳዬም ጉልበቴ ላይ። ያን ጠዋት እሱም ሳይጠይቀኝ ሄዷል፣ እኔም ረስቼው ነበር፤ ይሄኛውን የእውነት ረስቼው ነበር። ስትደውል ግን አስታወስኩ። «ዝግ ነው» አለችና ወደ እኔ ዞራ ጓደኛህ ለምን ቀረ አለችኝ። አባቱ ሞቶበት ነው ብላት ምን ይጎድለኝ ነበር? ሌላ ቀን ይሰጡት ነበር? ሳይሰጡት አይቀሩም ነበር። «አላውቅም» አልኳት። አላውቅም ብዬ ገባሁ። የተጠየቅሁትንም ጥሩ አድርጌ መለስኩ።

ስወጣ ጋሽ በራሶ የላኩት የኪራይ መኪና በር ላይ ቆሟል። ሾፌሩ ጥላሁን ወርቃ መድረሱ ተደውሎለት ነበር፤ ባዶውን ከሚመለስ ብሎ እኔን ጫነኝ። ለእሱ በተላከው መኪና ለቀብሩ ደረስኩ። ሬሳው ገና ከቤት አልወጣም ነበር። እኔ ፈተናዬን ተፈትኜ ከደረስኩ እሱም ይደርስ ነበር። ይሄን ለማወቅ ምሁር መሆን አያስፈልግም። ጥላሁን ግን ሲያየኝ አንገቴ ላይ ተጠምጥሞ አለቀሰ እንጂ አላሰበውም። ወይም በኋላ አስቦት ዝም ብሏል።

ጋሽ በራሶ ወደ እንሰቱ ጥግ ጠሩኝ። መቼም ይሰድቡኛል ብዬ ነበር። «ሆድህ አልቻለችም፣ አይደል?» አሉኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። «ተወው። አባቱ ያለውን ግን አሁን እንዳትነግረው፣ ትቆጨዋለች። እኔና አንተ ጋ ትቅር።» እሳቸው ይህን ያሉት ለእሱ አዝነው ነው፤ እኔ ተገላገልኩ። ጋሽ በራሶም ካረፉ ቆዩ። አንድ አባት ለልጁ የተናገረውን የመጨረሻ ቃል የማውቀው አሁን እኔ ብቻ ነኝ። ልጁ አያውቀውም።

ሄድኩ፣ ተማርኩ፣ ተመለስኩ። የተመራመርኩት በሌላ ነገር ላይ ነው፤ ከወንዙም ከቡናውም አይገናኝም፣ ለማንም የጠቀመ አይመስለኝም። ጥላሁን እናቱና ታናናሾቹ ላዩ ላይ ወደቁ። ደግሞ ሞከረ፣ አልሆነም፤ ከዚያ ዕድሜው አለፈ ተባለ። አሁን ገደብ ሁለተኛ ደረጃ ኬሚስትሪ ያስተምራል። ዲላ ሲመጣ እኛ ቤት ነው የሚያድረው። ልጆቼ አጎቴ ይሉታል። ባለፈው እንግዳ ፊት «ይሄ ሰው አባቴን ያስቀበረኝ ነው» ብሎ አስተዋወቀኝ። ወንዙም በየዓመቱ ለቀማ ሲደርስ ይጠቁራል። በዚያ በኩል ማለፍ ትቻለሁ።

ለምን አልነግረውም? ለዚህም መልስ አዘጋጅቼ ነበር። ከዚያ ቀን የቀረለት አባቱን መቅበሩና ወዳጁ ታምኖ መንገሩ ነው፤ ብነግረው ያችንም እቀማዋለሁ እላለሁ። ደግ ሐሳብ ይመስላል። ግን ለእኔም እንዴት ይመቻል! ስለሚመቸኝ አላምነውም። እውነቱ ግን ጥላሁንን መፍራቴ ነው፤ ዶክተር መባሉንም ለምጄዋለሁ። ከእናንተም ይቅርታ አልጠይቅም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ወጣት ነበርኩ አልልም፣ እሱም ወጣት ነበር።

አሁን ደግሞ እኔ ፈታኝ ሆኛለሁ። ባለፈው ክረምት ሐዋሳ ውስጥ ለስኮላርሺፕ የተወዳደሩ ልጆችን ስናነጋግር ዋልን። የመጨረሻዋን ልጅ ሸኝተን ስንወጣ ጥላሁን ኮሪደሩ ላይ ተቀምጧል። ለትምህርት ቤቱ ኬሚካል ልገዛ መጥቼ ነው፣ መኪና ይዣለሁ፣ አብረን እንመለስ አለኝ። መንገዱን ሙሉ አሳቀኝ፤ ለፈተናው ብዬ የዘጋሁትን ስልኬን መክፈት እንኳ አላሰብኩም። ቦርጬን እየነካ «ይሄን ደግሞ በየትኛው ስኮላርሺፕ አገኘኸው?» ይለኛል። ዲላ ስንደርስ ቤቴ አላወረደኝም፤ ይርጋጨፌ እናትህን ሰላም ብለን እንመለስ አለ። ደስ አለኝ፣ ከጠየቅኋት ቆይቼ ነበር። ወደ ሰፈራችን ስንታጠፍ በራችን ላይ ድንኳን ተተክሏል። ዘመዶቼ ቀርበው በሁለት በኩል ያዙኝ።

እናቴ ያረፈችው ጠዋት ነው። እህቴ የደወለችው ለእሱ ነበር፤ «አንተ ወንድሙ ነህ» ብላ። እሱም ከገደብ ተነስቶ ሐዋሳ ድረስ መጥቶ፣ ሥራዬን እስክጨርስ ውጭ ተቀምጦ፣ እያሳቀ ወገኖቼ መሃል አደረሰኝ። ቀብሯ ላይ ቆሜ አልቅሼ ቀበርኳት።

በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ውስጥ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ፊቱ ከእኔ ብሶ ጠቁሯል። «አንድ ነገር ከብዶኛል» አለኝ። «አንተ ያኔ መናኸሪያ ላይ ደፍረህ ነገርከኝ። እኔ አልቻልኩም። እናትህ ሞተው እያለ አጠገብህ ተቀምጬ ዋሸሁህ፣ አሳቅሁህ። ይቅር በለኝ።»

ጎረቤቶቹ ይሰማሉ። እህቴ ትሰማለች። እሱ ግንባሩን ትከሻዬ ላይ አስደግፎ መልሴን ይጠብቃል። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ «ይቅር ብዬሃለሁ» አልኩት።