ጎጆ ከተማ በውርጭ የነደደው «ነጭ» ባህር ዛፌ

ዛሬ ጠዋት ደጋው ጎጆ ከተማ አጠገብ ያለው ማሳዬ ብወጣ፣ ክረምት የተከልኩት ባህር ዛፍ በሙሉ ውርጭ መትቶት ያረረ ጎመን መስሎ ጠበቀኝ። ለልጄ ቤት መሥሪያ ብዬ ነበር የተከልኩት። አንድ እንኳ አልተረፈም!

አንዱን ነቅዬ ችግኙን ወደገዛሁበት አምቦ ወረድኩ። የምጽፈው ከዚያው ሆኜ ነው፤ ንዴቴ ገና አልበረደም።

ነጭ ባህር ዛፍ የደጋ ነው፣ ብርድ አይፈራም። ቀዩ ሞቅ ያለ አገር ይወዳል፣ የኛን ውርጭ አይችልም። ይህን ጎጆ ውስጥ የማያውቅ የለም።

ችግኙን የገዛሁበት መደብ ላይ ግን በትልቁ «ነጭ ባህር ዛፍ» ተብሎ ተጽፏል። ያነበብኩትም ራሴ ነኝ! የማታ ትምህርት ከክፍሉ አንደኛ የወጣሁት እኔ፣ ሳልንተባተብ! (ሰው እንዲሰማ ጮክ ብዬ ነው ያነበብኩት።)

ስንተክል ባለቤቴ ዲንቂቱ ቅጠሉን ዳሰሰችና፣ «አንተ፣ የነጩ ለጋ ቅጠል ሰፊና አመድማ ነው። ይሄ ቀጭንና አረንጓዴ ነው፤ ቀዩ ነው» አለችኝ።

«ከተጻፈው አንቺ ትበልጫለሽ?» አልኳት።

ዛሬ ሻጩ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ኦቦ፣ ጽሑፉ መደቡ ላይ ቀድሞ ለነበረው ችግኝ የተጻፈ ነው፤ ሳናነሳው ቀርተን ነው። የጎጆ ሰው ሆነው ቅጠል አይለዩም እንዴ?»

እለያለሁ እንጂ! ፊደል ሳልቆጥር በፊት ዓይኔን ጨፍኜ በእጄ እለየው ነበር። ይበልጥ ያናደደኝም ይሄው ነው።

እናንተስ፣ የተጻፈ አምናችሁ በዓይናችሁ ያያችሁትን የካዳችሁበት ቀን አለ? ጻፉልኝ፣ ሳልንተባተብ አነበዋለሁ። የማምነው ግን ዲንቂቱን አማክሬ ነው።