እሁድ ባሕር የወጣችው ጀልባ

ቦርኔስ መንደር ውስጥ ሰው ሁሉ ማታ ማታ ተከታታይ ድራማ ሲያይ፣ ኤፊ ማክአስኪል ጀልባ ታያለች። ስልኳ ላይ ባለው የባሕር ካርታ የልዊስ ደሴት ጀልባዎች እንደ ጉንዳን ሲርመሰመሱ እያየች፣ የማን ሞተር እንደሚያስነጥስ፣ ማን ሚስቱን ሸሽቶ ያለ ሥራ እንደሚዞር ትነግራችኋለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሎብስተር ለሚሉት ባለ መቆንጠጫ የባሕር እንስሳ ወጥመድ የምትጥለው ብቻዋን ነው፤ ክንዷን ያየ ሎብስተሮቹ በፈቃዳቸው እጅ የሚሰጡ ይመስለዋል።

መከራዋ ሩዋሪ ነው። ሩዋሪ የ«ንጋት ኮከብ» ካፒቴን ነው፤ የባሕሩን ወለል በብረት ጥርስ እያረሰ ሥጋው የሚበላ ዛጎል ይለቅማል። ኤፊ ወጥመድ የምትጥልበት ወሽመጥ ለእንዲህ ያለ አራሽ በሕግ ዝግ ነው። ሆኖም ቅዳሜ ቅዳሜ ጭጋግ ሲወርድ አንድ ሞተር እዚያ ያጉረመርማል፤ ሰኞ ወጥመዶቿ ሰይጣን የረገጠው ቅርጫት መስለው ይወጣሉ። እንዲህ ከቀጠለ ጀልባዋን መሸጧ ነው።

«አንተ ነህ!» ትለዋለች።

«አንቺ ሴትዮ፣ ካርታሽን እዪ እንጂ!» ይላል ሩዋሪ፣ መንግሥት ጀልባው ላይ ያሰረበትን፣ ያለችበትን ቦታ ለካርታው የሚልከውን መከታተያ ሳጥን መታ መታ እያደረገ። «ቅዳሜ የት ነበርኩ? ጥልቁ ባሕር ላይ! ሳጥን አይዋሽም!»

ካርታውም እንደዚያው ይላል።

በዚያ ላይ ሩዋሪ የቤተ ክርስቲያኑ መዝሙር መሪ ነው። በቦርኔስ እሁድ ዶሮ ብትጭር ትገሠጻለች፤ ጀልባ ማንቀሳቀስማ ወሬውም አይነሳ። አንድ እሁድ ሩዋሪ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አፉን የበር ያህል ከፍቶ ሲያዜም፣ ኤፊን ልማዷ አሸነፋትና ስልኳን ከመዝሙር መጽሐፏ ሥር ሰረቅ አድርጋ አየች። «ንጋት ኮከብ» ጥልቁ ባሕር ላይ ትከንፋለች! ወይ ጀልባዋ እሁድን ሽራለች፣ ወይ ሳጥኑ ጀልባዋ ላይ የለም። በየትኛውም በኩል ሩዋሪ ተይዟል። ኤፊ ሳቋን ወደ ሳል ለውጣ እስከ መዝሙሩ ማብቂያ አሳለች።

ሰኞ ኤፊ የደወለችለት የዓሣ ሀብት ተቆጣጣሪ ወደቡ ላይ ደረሰ። መንደርተኛውም ቄሱም፣ እንዲያው በአጋጣሚ፣ በሙሉ እዚያው ነበሩ።

«አቶ ሩዋሪ፣ ጀልባዎ ትናንት ባሕር ላይ ምን ትሠራ ነበር?»

«እሁድ?» አሉ ቄሱ።

«እሱ እኛ ዘንድ እያዜመ፣ ሠራተኞቹን ወደ ባሕር!» አለ አንዱ ከኋላ።

«ሳጥኑ ተበላሽቶ ነው!»

«አይዋሽም ስትለኝ አልነበር?» አለች ኤፊ። «እኔም አይቻታለሁ፣ ስትከንፍ።»

የሩዋሪ ዓይን በራ። «መቼ አየሽ? እሁድ ስልክ ከፍተሻላ!»

ኤፊ ቄሱን አየች፤ ከዚያ ወሽመጧን አሰበች።

«ከፍቻለሁ። በመዝሙር መጽሐፌ ሥር፣ አንተ ስታዜም። የኔ ኃጢአት ይኸው። ያንተስ? ጀልባህ ወጥታለች አልወጣችም?»

ሩዋሪ ተቆጣጣሪውን አየ፣ ቄሱን አየ። የትኛው የበለጠ እንደሚያስፈራው ለማወቅ አልዘገየም።

«አልወጣችም!» ብሎ ጮኸ። «ሳጥኑን ቅዳሜ ቱሪስቶችን ዓሣ ነባሪ ለሚያስጎበኘው ጀልባ ሰጥቼው ነው! ሞተሩ ተበላሽቶበት ሌላ ደሴት አድሮ እሁድ ተመለሰ! እኔ ወሽመጡን ያረስኩት ቅዳሜ ነው፤ ሁልጊዜም ቅዳሜ ነው!»

«ተመስገን!» አሉ ቄሱ፣ እፎይ ብለው።

ተቆጣጣሪውም ተመስገን እያለ መጻፍ ጀመረ።

የሩዋሪ ፈቃድ ታገደ፤ መዝሙር መሪነቱን ግን የነካበት የለም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተቀጣችው ኤፊ ናት፦ ቄሱ መቀመጫዋን ስልክ ወደማይደበቅበት ወደ መጀመሪያው ረድፍ፣ ልክ ከሩዋሪ አፍ ሥር አዛወሩት። አሁን ሰኞ ሰኞ ወጥመዶቿ ደህና ሆነው፣ ሎብስተር ሞልተው ይወጣሉ። እሁድ እሁድ ደግሞ የሩዋሪን የመንጋጋ ጥርሶች ትቆጥራለች። አንዱ ወርቅ ነው።