አራት ዲቃላ

የፊኛ ሽታ ታውቃለህ? ያ ዱቄት ዱቄት የሚለው፣ ከነፉት በኋላ አፍ ላይ የሚቀረው። ዛሬ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስመለስ ካርቲየ አንድ የሚባለው ሰፈር አንዲት ሱቅ በር ላይ ለሠርግ የተነፉ ፊኛዎች ተሰቅለው ነበር፤ ሽታው ሲመታኝ እግሬ ቆመ። ሙቀቱ አናት ይበሳል። ቤቴ ገብቼ ቬንቲላተር ሥር ከመዘርጋት በቀር ምንም አላማረኝም ነበር። ትዝታ ግን ደክሞሻል ወይ ብሎ አይጠይቅም።

ያኔ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ኬሚስትሪ ወድቄ ለራትራፓዥ ቀርቻለሁ፤ ያችን ድጋሚ ፈተና ከወደቅሁ ትምህርቱ አበቃ። እናቴ ሀራሙስ፣ የሀብታሞቹ ሰፈር፣ አንድ ቪላ ውስጥ አዳሪ ሠራተኛ ነበረች፣ ሃያብለ ወዳለችው የቆርቆሮ ክፍላችን የምትመጣው አርብ አርብ ብቻ ነው። ማዳሟ ደግሞ «ልጅሽ ትምህርቱ ካልሆነላት ከጎንሽ ትግባ፣ ክፍል አለ» ብላታለች። እናቴም እሺ ብላ ነበር። ምን ታድርግ፣ ደክሟት ነበር። እኔ ግን ያን ቪላ እንደ እስር ቤት ነበር የምፈራው።

አባቴ እናቴ ሥራ ፍለጋ ተሰዳ የመጣችበት የዚሁ አገር ሰው ነው፣ ሶማሌ። ሳልወለድ ነው የሄደው። እናቴ ስለሱ አታነሳም፣ እኔም አልጠይቃትም።

የሚያስጠኑኝ ጡረታ የወጡ አዛውንት መምህር ነበሩ፤ አባታቸው በምድር ባቡር ዘመን ከአገር ቤት መጥተው እዚሁ የቀሩ። በፈረንሳይኛ አልገባ ያለኝን በአማርኛ ፈትፍተው አጎረሱኝ። «ካርቦን ኤሌክትሮኖቹ የሚኖሩባቸው ኦርቢታል የሚባሉ ክፍሎች አሉት፤ አንዱ ክብ ነው፣ ኤስ ይባላል» ይሉኛል፣ «ስምንት ቁጥር የሚመስሉ ሦስት ፒዎችም አሉት። አራት ሃይድሮጅን እኩል አድርጎ መያዝ ይፈልጋል፤ እነዚህ ግን እኩል አይደሉም። ስለዚህ ያዳቅላቸዋል። ከአራቱ አራት አዲስ ኦርቢታል ይወጣል፣ ቅርጹም ኃይሉም አንድ የሆነ።» ከዚያ አራት ፊኛ ነፍተው አንገታቸውን አንድ ላይ ያስራሉ። ፊኛዎቹ ተገፋፍተው ተገፋፍተው፣ ማንም ሳይነካቸው፣ ወደ አራት አቅጣጫ እኩል ተራርቀው ይቀመጣሉ።

«የተዳቀለ ኦርቢታል» ለምላሴ ረዘመብኝ። አሳጠርኩትና «ዲቃላ» አልኩት። እንዳትስቅብኝ። አማርኛዬ በሙሉ የእናቴ አማርኛ ነው፤ ያን ቃል ደግሞ እሷ አንድም ቀን ቤታችን አላስገባችውም። ደጁ ሶማልኛና ፈረንሳይኛ ነው። የኬሚስትሪ ቃል መሰለኝ፣ በቃ።

አንድ አርብ ከሰዓት በኋላ ክፍላችን ውስጥ እየተንጎራደድኩ ጮክ ብዬ ሳጠና እናቴ ደረሰች። «አንድ ኤስ፣ ሦስት ፒ፣ አራት ዲቃላ» እላለሁ። በር ላይ ቆማ ቀረች።

«ማነው እሱን ያስተማረሽ?»

«መምህሩ ናቸዋ» አልኳት።

ፊቷ አመድ መሰለ። «ካሁን በኋላ እዚያ ሰውዬ ቤት እግርሽ አይረግጥም። ነገ ከእኔ ጋር ሀራሙስ ትገቢያለሽ» አለችኝ። ምን እንዳጠፋሁ ሳላውቅ አለቀስኩ። እሷ ግን ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ እጄን ይዛ በአውቶቡስ ወደ መምህሩ ቤት ወሰደችኝ።

መምህሩ ሽርጣቸውን አገልድመው በረንዳው ላይ ተቀምጠው ነበር። ተቀመጪ ቢሏት እምቢ አለች። «ጋሼ፣ ድሃ ብሆን ልጄን ዲቃላ እያሉ እንዲያስተምሩልኝ አይደለም የላክኋት።» እሳቸው እኔን አዩኝ፣ ገባቸው። አልሳቁም፤ ስላልሳቁ እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ። ገብተው ፊኛዎቹን ይዘው ወጡና መንፋት ጀመሩ። ሁለት ነፍተው ትንፋሽ አጠራቸው። እናቴ እንደተቆጣች ሦስተኛውን ከእጃቸው ተቀብላ ነፋችው፣ አራተኛውንም።

መምህሩ አስረው አሳዩአት፣ ለእኔ የነገሩኝንም ቀስ ብለው ነገሯት። አንዷን ፊኛ በጣቷ ነካ አደረገች።

«ከእነዚህ ከክቡ የመጣው የትኛው ነው?»

«የለም፣ እህቴ። እያንዳንዱ ውስጥ ከአራቱም አለ። የማን ነው ተብሎ አይለይም።»

«ነውር የለበትማ?»

«የምን ነውር? ካርቦን እንዲህ ባያደርግ እኔም አንቺም አንኖርም ነበር።»

ያኔ ነው የተቀመጠችው። መምህሩ ይቅርታ ጠየቋት፤ ካሁን በኋላ «ድቅል» እንላለን፣ ቃሉን እንቀይረዋለን አሏት።

«ይተዉት» አለች። «እኔ ስሰማው የኖርኩት በሌላ ነው። እሷ በዚህኛው ትስማው።»

ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ራሷን ትከሻዬ ላይ ጣለች። የተኛች መስሎኝ ነበር። «ለማዳሟ ልጄ አትመጣም እላታለሁ» አለችኝ ዓይኗን ሳትገልጥ። «ብትወድቂም አትመጪም። አንድ ሰው ይበቃታል።»

ፈተናውን አለፍኩ። ማዳሟ ለእኔ ባዘጋጀችው ክፍል ሌላ ልጅ አስገባች፤ እናቴ ደግሞ እዚያው ቤት ስታጥብ፣ ስትተኩስ፣ ጉልበቷን ስታሽ ኖረች። አስተማሪ እስክሆን ዓመታት ሄዱ። «በቃሽ እማ፣ ውጪ» ማለት የምችልበት ቀን ሲመጣ እሷ ቀድማኝ ሄዳለች። አስከሬኗን የተቀበልኩት ከሀራሙስ ነው፣ በሠራተኞች በር።