የቶኪዮ ምክር፣ ቂርቆስ ተቀምጦ

ቶኪዮ ከሄድሽ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ምግብ አትግዢ፤ ውድ ነው፣ የቀዘቀዘም ነው። ትንሽ ታግሠሽ ወደ ውስጥ መንገዱ ግቢ። ሲመሻሽ ጋሪውን እየገፋ፣ ዋሽንት የመሰለ ነገር እየነፋ የሚመጣ ሾርባ ሻጭ አለ። ከሱ ብዪ። ስትበዪ ደግሞ ፉት የምትዪበት ድምፅ ይሰማ፤ አትፈሪ፣ እዚያ አገር ነውር አይደለም።

ይህን ምክር የሰማሁት ቂርቆስ ውስጥ፣ ከቤታችን ጓሮ ባለች የማገዶ ማስቀመጫ ክፍል ነው። መካሪው አጎቴ ነበር። በባዶ እግሩ ኮረት ላይ ወዲያ ወዲህ እያለ ይመክረኛል፣ እኔ እንጨት ክምሩ ላይ ተቀምጬ እሰማለሁ። ከአጥሩ ውጪ ያለው አገር የጣሊያን ሆኖ ነበር።

አጎቴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። ከኔ ብዙም ስለማይበልጥ ጋሼ እያልኩ በአንተ ነበር የማናግረው። እናቴ «አንቱ በዪው» ብላ ስትቆጣኝ እምቢ ያለው እሱ ነው፤ አስረጀሽኝ ይል ነበር። ከጦርነቱ በፊት መንግሥት ወደ ጃፓን መልእክተኞች ሲልክ ጓዝ ጠባቂ ሆኖ አብሯቸው ሄደ። እዚያ የቆየው ሁለት ወር እንኳ አይሞላም። ሲመለስ ግን ተወልዶ ያደገበትን ሰፈር ለቆ የመጣ ይመስል ነበር። የትኛው መንገድ ዳር የተጠበሰ ስኳር ድንች እንደሚሸጥ፣ መታጠቢያ ቤት ሲገባ መጀመሪያ ከገንዳው ውጪ ታጥቦ እንደሆነ ወደ ውስጡ የሚገባው፣ ሻይ ላይ ስኳር ቢጠይቁ እንዴት እንደሚታዘቡ፣ ሁሉን ያውቃል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ አጎቴም ጃፓንን አልለቀቀም። ሰፈሩ ስሙን ትቶ «ጃፓን» ይለው ጀመር።

ምክሩን ያልሰማ ጎረቤት አልነበረም። አብዛኞቹ ከሰፈር ርቀው የማያውቁ ሴቶች ቶኪዮ ውስጥ ጫማ የት እንደሚወለቅ ያውቁ ነበር። አንድ ጊዜ ከአጥራችን ማዶ ያለችው ሙስሊም ጎረቤታችን ወልዳ፣ አራስ ልንጠይቅ ተሰብስበን ሳለ ገንፎ ቀረበ። አንዷ ማንኪያውን ገንፎው መሀል ቀጥ አድርጋ ተከለችው። አጎቴ ከደጅ ሆኖ አይቶ ዘሎ ገባና ነቀለው።

«ኧረ እንዲህ አይደረግም። በነሱ አገር ሩዝ ላይ የመብያው እንጨት ቀጥ ብሎ የሚተከለው ለሞተ ሰው ነው። በልተሽ ስትጨርሺ እንጨቱን ጋደም ነው የምታደርጊው።»

አራሷ ከአልጋዋ ላይ ሆና «ውይ፣ ጃፓን ቤት ለቅሶ ነው በሉኛ» አለች። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ውስጥ ማንኪያ ቀጥ ብሎ ከቆመ «ጃፓን ቤት ለቅሶ ነው» መባሉ ቋሚ ቀልድ ሆነ። ልጆች ሳይቀሩ ይሉት ነበር።

እናቴ ብቻ አትስቅም። ወንድሟ ጃፓን ጃፓን ሲል ያናድዳታል። «ሰው ባገሩ፣ ሰው በወንዙ፣ ቢበላ ሣር ቢበላ መቅመቆ» ትለዋለች። እሱ ደግሞ እኔን እዚያ ልኮ ሐር ሥራ ሊያስተምረኝ ቃል ገብቶልኝ ነበርና በሷ ላይ ጥቅሻ እየላከልኝ ምክሩን ይቀጥላል። እውነት ለመናገር ሙሉ በሙሉ አምኜው ነበር።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። አባቴ ማይጨው ቀረ። ጣሊያን ከተማ ገባ። በዓመቱ የካቲት ላይ ያ እልቂት ሆነ። ስለሱ ብዙ ተጽፏል፤ እኔ የምጨምርበት የለኝም፣ ጭሱ ለቀናት ልብሳችን ውስጥ እንደነበረ ብቻ አስታውሳለሁ። ወዲያው ፊደል የቆጠረና ባሕር ማዶ ያየ ሰው እየተለቀመ ይወሰድ ጀመር። አጎቴ ያየው ባሕር ማዶ በሻንጣ ተሸካሚነት ነው፤ ግን ይህን ማን ቆሞ ይሰማዋል? እናቴ ፎቶግራፉን፣ ኮቱንና ከዚያ ያመጣውን ማራገቢያ ምድጃ ውስጥ ከተተችው። እሱን ጓሮ ደበቀችው። ሰፈሩም ያለ ማንም አዛዥ «ጃፓን» የሚለውን ስም ከአፉ አጠፋ። ያ ሁሉ ቀልደኛ፣ ያ ሁሉ ወሬኛ፣ አንድም ሰው ደግሞ አላነሣውም። ሰፈሬን ከዚያ ቀን ወዲህ በሌላ ዓይን ነው የማየው።

ማውጫ መንገድ የተገኘው በአንድ አህያ ነጂ ነው። እህል ከተማ አራግፎ በጅማ መንገድ የሚመለስ፣ እናቴ ከድሮ የምታውቀው ሰው ነበር። አጎቴን ረዳቴ ነው ብሎ ሊያሳልፈው ተስማማ። ከዛሬው ሜክሲኮ አለፍ ብሎ፣ ያኔ ሜዳና ባሕር ዛፍ በነበረው ቦታ፣ ኬላ ነበር። ኬላው ላይ የቆሙት ባንዶች ደግሞ የአላፊውን እግር ገልብጠው ያያሉ ይባላል። አህያ ነጂ ነኝ የሚል ሰው ውስጥ እግሩ ለስልሶ ከተገኘ አለቀለት። የአጎቴ ውስጥ እግር የሕፃን ጉንጭ ነበር፤ ከጃፓን ከተመለሰ ወዲህ ያለ ጫማ ደጅ ወጥቶ አያውቅም።

ኋላ ካዛንቺስ በተባለው ቦታ ጣሊያኖቹ ለሹማምንቶቻቸው ቤት መሥራት ጀምረው ነበር። እናቴ የሠራተኞቹን አለቆች ልብስ ታጥባለች። ማታ ስትመለስ ከልብስ ቅርጫቷ ሥር ለግንባታ ከተከመረው ኮረት ዘግና ታመጣለች። የማገዶ ክፍሉን ወለል በሱ አለበስነው። አጎቴ ቀኑን ሙሉ እዚያ ላይ ይመላለሳል። መጀመሪያ ደማ። ከዚያ መገለ። እናቴ በጨው ውኃ እያጠበች አመድ ትነሰንስበታለች። እሱ ጥርሱን ነክሶ «አንድ የጣሊያን ቤት ግድግዳው የሚጎድለው በኔ እግር ምክንያት ነው» ይላል። እናቴ «ዝም ብለህ ርገጥ» ትለዋለች።

ሕመሙን የሚያስረሳው ምክሩ ነበር። እኔም ሆን ብዬ እጠይቀዋለሁ።

«ጋሼ፣ ጾም ሲሆን እዚያ ምን እበላለሁ?»

«ከባቄላ ዘር የሚሠራ አይብ አለ። ነጭ ነው፣ ልክ እንደኛ አይብ፤ ግን የጾም ነው። ጠዋት ጠዋት ጡሩምባ እየነፉ ያዞሩታል። ደጅሽ ድረስ ይመጣል።»

እናቴ ከውጪ ሰምታ «የባቄላ አይብ። ውሸትህን በልክ አድርገው» አለች።

ከቀርከሃ ሁለት ቀጫጭን እንጨት ጠርቦ በሱ መብላት ያለማምደኝ ነበር። የምንበላው ንፍሮ ነው፤ እሱም ሲገኝ። ሽምብራዋን በእንጨት ይዤ ወደ አፌ ሳደርስ ወድቃ ኮረት ውስጥ ትጠፋለች፣ ፈልጌ አንሥቼ አብሼ እበላታለሁ። አንድ ቀን ያዝኩና ላጉርሰው ብዬ ዘረጋሁለት። እጄን ይዞ መለሰኝ። እዚያ ጉርሻ የለም አለኝ። ይህን ሲናገር ለመጀመሪያ ጊዜ ያ አገር ቀዝቃዛ መስሎ ታየኝ፣ ግን አልነገርኩትም።

የእናቴ ምክር ሌላ ነበር። ወደ ካዛንቺስ ልብስ ላደርስ ስወጣ በር ላይ ትይዘኛለች። «ዳር ዳሩን ሂጂ። ባንዲራቸው ሲያልፍ ሌላው እጁን ሲያነሣ አንሺ፤ ቀድመሽም አታንሺ፣ ዘግይተሽም አትቅሪ። ዳቦ ቢሰጡሽ ተቀበዪ፣ እዚያው አትብዪው። ቤታችሁ ወንድ አለ ወይ ያለሽን ሁሉ አባቴ ሞቷል በዪው፤ እውነትም ስለሆነ ፊትሽ አይለወጥም።» አንዱ ዘመዴ ስለማላየው ከተማ ይመክረኛል፣ ሌላዋ ስለምኖርበት። በሕይወት ያቆየኝ የሷ ነው። ያፈቀርኩት የሱን ነበር።

ክረምቱ መሀል ላይ ክፉ ወሬ መጣ። ጣሊያን ቢሮ የሚሠራ አንድ የእናቴ ዘመድ ሹክ ብሎ የነገራት ነው፤ ጃፓን የጣሊያንን ግዛት ካወቀች ቆይታለች፣ ኢትዮጵያ የናንተ ናት ብላቸዋለች። አጎቴ ጃፓኖች መሣሪያ ይልካሉ፣ ይደርሱልናል ሲል ነበር የኖረው። እናቴ ልትደብቀው አልፈለገችም። በሩ ላይ ቆማ ነገረችው። ደስ ብሏት አልነበረም። እሱ መመላለሱን አቁሞ ግድግዳው ሥር ተቀመጠና ፊቱን አዞረ። በማግስቱ «ጋሼ፣ ስለ ሾርባ ሻጩ ንገረኝ» ብለው «ረስቼዋለሁ» አለኝ። እንደዚያን ቀን አልቅሼ አላውቅም።

ሦስተኛው ቀን ይመስለኛል፣ ተነሥቶ ኮረቱ ላይ ቆመ። ብዙ ከተመላለሰ በኋላ «መንግሥታቸው ነው እንጂ ያ ሾርባ ሻጭ ምን አደረገኝ» አለ። ምክሩ ቀጠለ። ግን ከዚያ ወዲያ «ስትሄጂ» ማለቱን ትቶ «የሄደ ሰው» ይል ጀመር።

መስከረም ሲጠባ እግሩ ደረሰ። እናቴ ውስጥ እግሩን በጥፍሯ ቧጠጠችው፣ ምንም አልተሰማውም። ተረከዙ ተሰነጣጥቆ ጥቁር ሆኗል። «አሁን የአህያ ነጂ እግር ነው» አለች፣ ፊቷ ላይም ከአባቴ ሞት ወዲህ ያላየሁት እፎይታ ነበር። ጎህ ሲቀድ ነጂው መጣ። አጎቴ የተቀዳደደ ጋቢ ለብሶ፣ አለንጋ ይዞ፣ ቀርከሃዎቹን እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። ከዚያ ጆሮዬ ላይ ጎንበስ ብሎ «ጃንጥላቸው ወረቀት ነው። ዝናብ ይበጣጥሰዋል ብለሽ አትፍሪ፣ ዘይት ጠጥቷል» አለኝ። ሌላ ስንብት አልነበረም።

ጥቅምት ሲገባደድ አህያ ነጂው ተመለሰ። እናቴ ደጅ ቆማ ነበር፤ ሲያያት ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። ኬላው ላይ ባንዳው የአጎቴን እግር ገልብጦ አይቶ፣ በጣቱ ጠንቁሎ፣ እለፍ ብሎት ነበር። አጎቴ እግሩን መልሶ መሬት ሲያደርግ ባንዳው አሁንም እያየ ነበር። ትንሿ ጣቱ ጫማ ሲያጣብቃት ኖሮ ወደ ውስጥ ተጣጥፋለች፤ ጀርባዋም ላይ ጫማ የፈተገው ጠንካራ ቆዳ ጠጠር መስሎ ቆሟል። ያ ደግሞ ኮረት የሚያጠፋው ነገር አይደለም። «ይህ ጫማ ለባሽ ነው» አለ። ባሕር ዛፉ ውስጥ ይዘውት ገቡ። ነጂው ተኩሱን ሰምቷል። «እኔ አህዮቼን ነዳሁ፣ እመቤቴ። ሌላ ምን ላድርግ?» አላት።

እናቴ መቀመጫ ፈልጋ ተቀመጠች። «እኔ ታቹን ብቻ ነው ያየሁት» አለች። እሱን ብቻ ደጋገመችው።

ማልቀስ አይቻልም ነበር። ከኛ ቤት ጥቂት አለፍ ብሎ ለጣሊያኖቹ የሚያስተረጉም ሰው ይኖራል። ለቅሶ ከተሰማ ማን ሞተ ይባላል፤ ማን ሞተ ከተባለ የት ተደብቆ ነበር ይመጣል። ድንኳን የለም፣ ፍትሐት የለም፣ ሬሳም የለም። እናቴ ሆዷን በመቀነቷ ጠፍራ አደረች። ከዚያ ጠራችኝና «ዐረብ ቤት ሄደሽ ሩዝ ግዢ» አለችኝ።

ሩዝ ቀቅላ አታውቅም። ውኃው በዝቶባት ላቆጠ፤ ቢሆንም በጣባ አድርጋ ሳሎኑ መሀል አስቀመጠችው። «እንጨቶቹን አምጪ» አለች። ከቆጡ ሥር ከሸጎጥኩበት አውጥቼ ሰጠኋት። ያን ሁሉ ዓመት በወንድሟ ጃፓን ስትናደድ የኖረችው እናቴ ሁለቱን ቀርከሃ ሩዙ መሀል ቀጥ አድርጋ ተከለቻቸው።

«እንዲህ ነው አይደል ያለው?»

«አዎ» አልኳት።

ጥቂት ቆይቶ ሙስሊሟ ጎረቤታችን እሳት ልትጭር ገባች። ጣባውን አየች። እናቴን አየች። ገሉን በር ላይ አስቀምጣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተቀመጠች። ከዚያ ሌላዋ ወንፊት ልትዋስ መጣች፣ አይታ ተቀመጠች። አንዷ የጠፋ ዶሮ ፈልጋ፣ አንዷ ጨው አጥታ። ማን እንደነገራቸው ዛሬም አላውቅም። ቤቱ ሞላ። ጉንጫቸውን በመዳፋቸው ደግፈው ሩዙን ያያሉ። እንባ ያለ ድምፅ ሲወርድ ያን ቀን ነው ያየሁት።

አስተርጓሚው ሲያልፍ የሴቱን ብዛት አይቶ አንገቱን አስገባ።

«ምን ተገኝቶ ነው?»

እናቴ ቀና ሳትል «ሩዝ ነው፣ ጌታው። እንዴት እንደሚበላ ግራ ገብቶን» አለችው።

ጣባውን አየ፣ የተተከለውን እንጨት አየ፣ ሳቀ። «እናንተ ሰዎች ሥልጣኔ እንዴት ይግባችሁ። በማንኪያ ነው የሚበላው» አለና ሄደ።

ኮቴው እስኪርቅ ማንም አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ ሙስሊሟ ጎረቤታችን ከየካቲት ወዲህ በሰፈሩ ተነሥቶ የማያውቀውን ስም ለራሷ በሚመስል ድምፅ አነሣችው።

«ጃፓን ቤት ለቅሶ ነው» አለች።